የቁራ መልእክተኛ፤ ስለ አንድ አነጋገርና ስለ አንድ ወፍ የቀረበ ሒስ

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ፥ መልኩ ግን ከቶ የማይነገርለት ወፍ ቢፈለግ ከቁራ የሚቀድም አይገኝም። ልጅ ወደ ገበያ ተልኮ የቀረ እንደ ሆነ «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል። ገጣሚ የፈረሰ ቤት ወይም ሰው ያለቀበት ሜዳ ለማሳየት ሲፈልግ ከአንድ ደረቅ ግንድ ላይ ቁራ ያስቀምጣል። ቁራ የመርዶ ምልክት ነው፤ የሆዳምነት ምልክት ነው፤ የአደራ በልነት ምልክት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን ልማድ ነው። ክሱ የሚቀርበው በምሳሌያዊው አነጋገር ላይ አይደለም። አነጋገሩ አጭርና የሰላ ነው፤ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። ክሱ የሚቀርበው አነጋገሩን ከአባቶቻችን ተረክበን ወፉንም ያየነው በሚመስለን ጸሓፊዎች ላይ ነው። ከእነዚህም የሚበዙት እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎች ናቸው።

አስቀድሞ ስለ የትኛው ቁራ እንደምንናገር መታወቅ አለበት፤ «ቁራ» በአማርኛ የአንድ ወፍ ስም አይደለምና። ደረቱና አንገቱ ነጭ ሆኖ በየከተማው የሚታየው አንድ ነው። ጅራቱ አጭር ሁኖ ሲበር እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው፥ በገደል አፋፍ ነፋስ ላይ የሚንሳፈፈው ሌላ ነው። ምንቃሩ ቀጠን ያለው፥ በሣር ሜዳና በእርሻ ላይ የሚውለው ደግሞ ሌላ ነው። በምሥራቁ ቆላ ያለውም የራሱ ዓይነት ነው። እነዚህን ሁሉ አማርኛችን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። እኔ የምናገረው ግን ከሁሉ ስለሚገዝፈው፥ በደጋው ደን፥ በደን ዳርና በገደል ስለሚኖረው፥ የሳይንስ ሰዎች ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ስለሚሉት ቁራ ነው።

የዚህ ቁራ ርዝመት ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ምንቃሩ ብቻውን ከ8 እስከ 9 ሳንቲሜትር ነው። ምንቃሩም ከላይ እንደ ደጋን የጎበጠ፥ ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ፥ ጫፉ ላይ እንደ ዝኆን ጥርስ የነጣ ነው። ሰውነቱ ጥቁር ነው፤ ላባው ሲያረጅ ወደ ቡናማነት ያደላል። ከራሱ ኋላ እስከ ማጅራቱ ግን ሰፊ ነጭ ምልክት አለው፤ ይህም ነጭ ከሩቅ የሚታይ እንጂ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። በዚህ በአፍሪቃ ቀንድ ደጋማ አገር ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይኖርም። ከመላው የዘማሪ ወፎች ክፍል ውስጥ በግዝፈት የሚተካከለው በሰሜኑ ዓለም የሚገኘው ታላቁ ቁራ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

«ከዘማሪ ወፎች ክፍል» ስል የሚስቅ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የዚህ ወፍ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ ጎርናና ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሚያሰማውን ይመስላል። የአማርኛ ተናጋሪም ቢሆን በልቡ ሁለት ወገን አለው፤ ትንሹና የሚዘምረው «ወፍ» ነው፤ ትልቁና ሥጋ የሚወደው «አሞራ» ነው። ቁራን ከሁለተኛው ወገን የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነው። ሳይንስ ግን ዘማሪ የሚለው ድምፁ ያማረውን አይደለም። መለያው የድምፁ ዕቃ አሠራር ነው፤ ይኸውም የአየር ቧንቧው ወደ ሁለት ሳንባ በሚከፈልበት ስፍራ የሚገኘው፥ በብዙ ጥንድ ጡንቻዎች የሚታዘዘው ክፍል ነው። ሁለተኛው መለያ ጫጩቱ ድምፁን ከታላላቆቹ ሰምቶ መማሩ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቁራ ከማንም ዘማሪ አያንስም። እንዲያውም በጌጣቸው ዓለም የሚያደንቃቸው፥ በኒው ጊኒ ተራራማ ደኖች የሚኖሩት የገነት ወፎች በዝምድና ከቁራ ቤተ ሰብ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። እንግዲህ መዘመርን ከማማር ጋር ያጋባው ጆሯችን ነው እንጂ ወፉ አይደለም።

ይህን ወፍ ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ ገብቶ በስሜን በኩል ወደ ጎንደር ዘለቀ፤ ወፉንም በ1836 በጽሑፍ አወጣው። የሰጠው የላቲን ስም «ወፍራም ምንቃር» ማለት ነው። ከማጅራቱ ነጭነት ይልቅ ስለ ምንቃሩ መሰየሙ ለእኛ ለምናየው ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን «ነጭ አንገት» የሚለው ስም በምሥራቅና በደቡብ አፍሪቃ ለሚኖረው የቅርብ ዘመዱ ከዚያ በፊት በ1790 ተሰጥቶ ነበር። ሩፔልን በዚህ አልወቅሰውም። የሙዚየም ሰው የሚሰይመው አንዱን ቆዳ ከሌላው ቆዳ ለመለየት ነው። ስሙ ግን ወፉ በምንቃሩ ምን እንደሚሠራበት አይነግረንም። ከብት በዋለበት መስክ ያየው ሰው ያውቀዋል፤ ምንቃሩን እንደ ማጭድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወናጨፈ እበቱን ይበትናል፤ ከሥሩም የጢንዚዛ ዕጭ ይለቅማል። ጥንብም ይበላል፤ ከሰው የተረፈውንም ይበላል፤ የቆመ ስንዴም አይምርም። ገበሬው የሚጣላው በዚህ በመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ጽሑፋችን የሚያውቀው ቁራ ይህ በእበት ላይ ማጭዱን የሚያወናጭፈው አይደለም። እርሱ የሚያውቀው የኖኅን ቁራ ነው። «የቁራ መልእክተኛ» የሚለው አነጋገር የተወለደው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ቍጥር 7 ካለው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህንንም ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብሎ ለሚያየው አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይገኝበታል፤ አነጋገራችን በሙሉ የቆመው ከሁለት ንባቦች በአንደኛው ላይ ብቻ ነው።

በዕብራይስጡ ንባብ ኖኅ ቁራውን ሰደደ፤ ቁራውም ውኃው ከምድር ላይ እስኪደርቅ ድረስ ሲወጣና ሲመለስ ቈየ። ጠፍቶ ቀረ የሚል ቃል በዚያ የለም። ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው፥ በዕብራይስጡ «ውኃው ጐድሎ እንደ ሆነ ለማየት» የሚለው ተልእኮ የተሰጠው በሚቀጥለው ቍጥር ለርግብ ነው፤ ለቁራው የተሰጠ መልእክት አልተጻፈም። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን በሁለቱም ነገር ይለያል። በግሪኩ ቁራው ውኃው ጐድሎ እንደ ሆነ ለማየት ተላከ፤ ወጥቶም ውኃው እስኪደርቅ ድረስ አልተመለሰም። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጐመው ከግሪክ ስለ ሆነ የግሪኩን መንገድ ይከተላል። ስለዚህ የአነጋገሩ ሁለቱም ክፍሎች፥ ቁራው መልእክተኛ መሆኑና ቁራው ቀሪ መሆኑ፥ ወደ እኛ የመጡት በዚህ በግሪክና በግእዝ መስመር ነው። ዕብራይስጡን ብቻ የሚያነብ ሕዝብ ይህን አነጋገር ሊያወጣ አይችልም ነበር ማለቴ አይደለም። የአይሁድ ሊቃውንትም በዚህ ቁራ ላይ ብዙ ተናግረዋል፤ በታልሙድ ውስጥ ቁራው ከኖኅ ጋር ሲከራከር፥ «ጌታህም ጠልቶኛል፥ አንተም ጠልተኸኛል» እያለ ሲያማርር ይገኛል። ግን ያ ሌላ ወቀሳ ነው፤ ክርክሩ ስለ መሄድ እንጂ ስለ መቅረት አይደለም።

ለምን ቀረ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ጥንብ አግኝቶ በዚያው ቀረ ይባላል። ይህ መልስ በግሪኩም በግእዙም ንባብ ውስጥ አልተጻፈም፤ ከተርጓሚዎች የመጣ ነው። በላቲኑ ዓለም አውግስጢኖስ ቁራውን ንስሓውን ለነገ ለነገ በሚያሳድር ኀጢአተኛ መስሎታል፤ የቁራ ጩኸት «ክራስ፥ ክራስ» ሲል ለላቲን ጆሮ «ነገ፥ ነገ» ማለት ነውና። እያንዳንዱ ቋንቋ በወፉ ጕሮሮ የራሱን ቃል እንደሚያስገባ ከዚህ ይታያል። የግእዙ «ቋዕ» እና የአማርኛው «ቁራ» ራሳቸው ከጩኸቱ የተወሰዱ ይመስላሉ፤ እኛ ግን ስሙን ከጩኸቱ፥ ጠባዩን ከመጽሐፉ ወስደን ሁለቱን አንድ አድርገናቸዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ውስጥ ይህ ቁራ የያዘው ሌላም ስፍራ አለ፤ ይህንንም በቸልታ ማለፍ አይገባም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቍጥር 25 ላይ ያለውን «እስከ» የሚለውን ቃል ሲተረጕሙ መምህራን፥ «እስከ» ፍጻሜ ያለውም ፍጻሜ የሌለውም ይሆናል ይላሉ። ለፍጻሜ የለሹም ምስክር አድርገው የሳኦልን ልጅ ሜልኮልን እስከ ሞተችበት ቀን አልወለደችም መባሏን፥ ቁራውንም ውኃው እስኪደርቅ አልተመለሰም መባሉን ያመጣሉ፤ ውኃው ከደረቀ በኋላም አልተመለሰምና። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በማቴዎስ ስብከቱ ይህንኑ የቁራ ምስክር ጠቅሶታል። የትርጓሜው ጥበብ ያስደስታል፤ ምስክሩም ቁራው ብቻ ስላልሆነ ክርክሩ በዕብራይስጡ ንባብ ልዩነት አይፈርስም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ በዚህ ስፍራ ቁራው የሰዋስው ምሳሌ ሁኗል። አንድ ወፍ የአንድ መስተዋድድ ምስክር ሁኖ አንድ ሺህ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ላባ እንዳለው ቢረሳ ምን ይደንቃል?

እንግዲህ ቁራው በእውነት የከፋ መልእክተኛ ነበርን? እዚህ ላይ አንድ ጥንታዊ ምስክር ልጥራ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የለንደን ሙዚየም ሠራተኛ ከነነዌ ከወጡት የሸክላ ጽላቶች መካከል የጥፋት ውኃ ታሪክ ያለበትን አግኝቶ አነበበ፤ ይህም የጊልጋሜሽ ታሪክ 11ኛው ጽላት ነው። በዚያ ታሪክ ከመርከቡ የሚላኩት ወፎች ሦስት ናቸው። ርግብ ተላከች፥ ማረፊያ አጥታ ተመለሰች። ወንጭፊት ተላከች፥ እርሷም ማረፊያ አጥታ ተመለሰች። ቁራ ተላከ፤ ውኃው እንደ ጐደለ አየ፥ የሚበላውም አገኘ፥ አልተመለሰም። ይህን ጊዜ የመርከቡ ባለቤት በሩን ከፍቶ ወጥቶ መሥዋዕት ሠዋ። በዚያ ታሪክ ከሦስቱ መልእክቱን ያደረሰው የቀረው ብቻ ነው። የተመለሱት ሁለቱ ያመጡት ወሬ «ምድር የለም» የሚል ነው፤ የቁራው አለመመለስ ግን «ምድር አለ» የሚል ነው።

ይህን ስል የነነዌን ጽላት ከኦሪት በላይ ላስቀምጥ አይደለም። የምለው፥ ነገሩን ከወፉ ጠባይ አንጻር ለሚያየው ሰው የጽላቱ ጸሓፊ ቁራን የሚያውቅ ሰው ነበር። በመርከብ ላይ ወፍ የሚይዝ ባሕረኛ ይህን ያውቃል። የኖርዌው ፍሎኪ ወደ አይስላንድ ሲጓዝ ሦስት ቁራዎች ይዞ እንደ ሄደ በዚያ አገር የሰፈራ መጽሐፍ ተጽፏል፤ አንደኛው ወደ መጣበት በረረ፥ ሁለተኛው ወደ መርከቡ ተመለሰ፥ ሦስተኛው ወደ ፊት ሄዶ አልተመለሰም፤ ፍሎኪም የተከተለው ሦስተኛውን ነው። እኛ ደግሞ ሱቅ ልከነው የቀረውን ልጅ በዚህ ወፍ እንሰድበዋለን። ልጁ ስድቡ ይገባው ይሆናል፤ ወፉ ግን ከልጁ ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም።

መጻሕፍቱ ራሳቸው ስለ ቁራ በአንድ ቃል እንደማይናገሩ ማስታወስም ይገባል። ኤልያስን በወንዙ አጠገብ እንጀራና ሥጋ እያመጡ የመገቡት ቁራዎች ናቸው። በምድረ በዳ ብቻውን ለመነነው ለአባ ጳውሊ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣለት፥ አባ እንጦንስ በመጣ ቀን ደግሞ ሙሉ እንጀራ ያመጣለት ቁራ ነው። ይህ መልእክተኛ ተልኮ መምጣቱ ብቻ ሳይሆን የእንግዳውን መምጣትም ያወቀ ነው። መዝሙረ ዳዊት የቁራ ጫጩቶች እግዚአብሔርን ሲጠሩ ያሰማናል፤ ኢዮብም እንዲሁ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ቁራዎችን እንዲመለከቱ ያዛቸዋል። መኃልየ መኃልይ የወዳጁን ጠጕር ውበት በቁራ ጥቁረት ይመስላል። በሌላ በኩል በዘሌዋውያን ቁራ ከማይበሉት ወገን ተቈጥሯል። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይ ከዓይናቸው አጠገብ የምትታየውን ወፍ አንዳንዱ ተጠምታ እንባቸውን የጠጣች ናት ይላታል፤ አንዳንዱ ደግሞ በቁራ አምሳል የመጣ ፈታኝ እንጂ ወፍ አይደለም ይላል። ከአንድ ሥዕል ላይ እንኳ ሁለት ታሪክ ወጥቷል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ አማርኛ ጽሑፋችን የመረጠው የኖኅን ቁራ ብቻ የሆነበት ምክንያት ምንድር ነው? «የቁራ መልእክተኛ» ሲባል ስለ ምን የኤልያስ ቁራ አይታሰበንም? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ በሃይማኖት ውስጥ የሚገኝ አይደለም። ወቀሳ ከምስጋና ይልቅ በአጭር ቃል ይጠቀለላል። በቤታችን በየቀኑ የሚያጋጥመን የሚዘገይ ልጅ ነው፤ ቁራ እንጀራ የሚያመጣለት መናኝ በየቤቱ የለም። አነጋገር የሚፈጠረው ከሚያስፈልገው ስፍራ ነውና በዚህ ተናጋሪውን ሕዝብ የሚወቅሰው የለም።

ጸሓፊው ግን ሕዝብ አይደለም፤ ጊዜ ያለው፥ ቃል የሚመርጥ፥ ስሙን ከጽሑፉ ሥር የሚያኖር ሰው ነው። ባልንጀሮቼ የሚጽፏቸውን ግጥሞች ሳነብ ቁራ በገባበት ስንኝ ሁሉ «ጥቁር» የሚል ቅጽል ተከትሎት ይገባል። የከተማው ቁራ ደረቱ ነጭ ነው፤ የደጋው ቁራ ማጅራቱ ነጭ ነው፤ ገጣሚው ግን ሁለቱንም በየቀኑ እያየ «ጥቁር ቁራ» ይላል። ይህ ወፍ ከየት መጣ? ከአገራችን ሰማይ አልመጣም። ከመጽሐፍ መጣ፥ ወይም ከእንግሊዝኛ የግጥም መማሪያ መጣ፤ በዚያ ያለው ቁራ ሁለንተናው ጥቁር የሆነው የሰሜኑ ቁራ ነውና። እንግዲህ በአማርኛ ግጥም ውስጥ ከፈረሰው ጐጆ ላይ የተቀመጠው ወፍ ለአገሩ እንግዳ ነው።

አንድ መምህር በዚህ ነገር ስንነጋገር፥ «ግጥም የእንስሳት ትምህርት አይደለም፤ ምልክት እንደ ገንዘብ ነው፥ ሰው ሁሉ ስለ ተቀበለው ይሠራል» ሲሉ ተቃውመውኛል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሰው ሁሉ የተቀበለው ምልክት አንባቢን ሳያደክም ወደ ሐሳቡ ያደርሳል። ነገር ግን ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር መልኩ ይጠፋል። ገጣሚው ቁራን ያመጣው ሊያስደነግጠን ከሆነ፥ እኛ ሳንደነግጥ «ቁራ ነው፥ እንግዲህ ሞት ይመጣል» ብለን አልፈን እናነባለን። በአንጻሩ ያ ሰፊ ነጭ ማጅራት፥ ያ ከሰውነቱ የማይመጣጠን ምንቃር፥ ያ እበት የሚበትን የማጭድ አወራወር በስንኝ ውስጥ ቢገባ አንባቢው ይቆማል፤ አይቶት የማያውቀውን ነገር ሳይሆን፥ ዘወትር እያየ ያላስተዋለውን ነገር ያገኛልና። ለመርዶም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መልእክተኛ የለም። የራሱ ኋላ ነጭ የሆነ ጥቁር ወፍ ሲሄድ እንጂ ሲመጣ ነጭነቱ አይታይም፤ ከዚህ አንድ ነገር ብቻ አንድ ጎበዝ ገጣሚ ስንት ቅኔ ያወጣ ነበር! (ስለ «ቄራ» እና ስለ «ቁራ» የሚሠራውን የቃል ጨዋታ ግን ሰው ሁሉ ስለ ሠራው ማንም እንዳይደግመው እለምናለሁ።)

ወቀሳው በገጣሚዎች ላይ ብቻ ቢቀር ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የሳይንስ ተማሪዎቻችን በአማርኛ ሲጽፉ በመስክ ያዩትን ሲመዘግቡ «ቁራ፥ ብዙ» ብለው ያልፋሉ። የትኛው ቁራ? በቆሻሻ መጣያው አጠገብ በደርዘን የሚቈጠረው ደረተ ነጩ ነው ወይስ በጥንድ ሁኖ ከደን ወደ ገደል የሚያልፈው? ይህ የቃላት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የደጋው ቁራ ዛሬ ለመጥፋት ተቃርበዋል ከሚባሉት ወፎች ውስጥ አይቈጠርም። ነገር ግን መኖሪያው ይህ አንድ ደጋ ብቻ ነው፤ ጎጆውንም የሚሠራው በዛፍና በገደል ላይ ነው። በምናገሻ ወይም በባሌ ደን አካባቢ ያለው ቁጥር ቢያንስ፥ በከተማው ያለው ደረተ ነጭ ደግሞ ቢበዛ፥ «ቁራ፥ ብዙ» የሚለው መዝገብ ሳይለወጥ ይኖራል። መዝገቡም አይዋሽም፤ የሚቀርለት ነገር ቢኖር ስለ ማን እንደሚናገር ብቻ ነው። እንግዲህ ገጣሚውና የሳይንሱ ተማሪ የሚነቃቀፉ ይመስላቸዋል እንጂ በዚህ አንድ ስሕተት ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ተሸፍነው ወፉን አላዩትም።

እንዲህ ያለው ነገር በወቀሳ ብቻ አይቃናም፤ ስም ያስፈልገዋል። የላቲኑን ስም በቀጥታ ገልብጦ «ወፍራም ምንቃር ቁራ» ማለት ይቻላል፤ በአማርኛ ግን ስድብ ይመስላል፥ ለመናገርም ይከብዳል። እኔ «ማጅራተ ነጭ ቁራ» የሚለውን አቀርባለሁ፤ የከተማውንም «ደረተ ነጭ ቁራ» ብንለው ሁለቱ በአንድ ዓይን እይታ ይለያሉ። በደቡብ አፍሪቃ ያለው ዘመዱ ነጭ አንገት በመባሉ የሳይንስ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል የሚል ካለ፥ ያ ወፍ በአገራችን ስለማይኖር ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያመጣው ችግር የለም እላለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከደጋው ገበሬ አፍ የተገኘ ስም ነው። ስንዴውን ከዚህ ወፍ ሲጠብቅ የሚውል ሰው አንዱን ቁራ ከሌላው ሳይለይ አይቀርም። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራቸው የሚሄዱ ባልንጀሮቼ፥ በተለይም ከሰሜን ሸዋ፥ ከወሎ፥ ከስሜንና ከባሌ የመጡት፥ በመንደራቸው ማጅራተ ነጩ ቁራ በምን ስም እንደሚጠራ ጠይቀው፥ የተናጋሪውን አገርና ቋንቋ ጨምረው ለዚህ መጽሔት ቢጽፉ፥ እኔ ያቀረብሁትን ስም ትቼ የእነርሱን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።